ጥርስ ያወጣው በቆሎ

የምነግራችሁ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ተጀምሮ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ አለቀ። ግን ያን ጊዜ እኔ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ ግማሽ ይሆንባችኋልና ትንሽ ታገሡኝ።

ዘሃራ እባላለሁ፤ የቡሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐጂ እንድሪስ እህል ነጋዴ ናቸው። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ወቅቱ ያመጣውን ሁሉ ከገበሬ ገዝተው ይሸጣሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ መደብሩን የምንይዘው እኔና እሳቸው ነን፤ እሳቸው ሚዛኑን፣ እኔ ሰፌዱን። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ለቀማ ነው። ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ከእህሉ ውስጥ ጠጠር እየለቀምኩ መጣል። በእህል ነጋዴ ቤት ጠጠርን የሚያክል ጠላት የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ከስንዴ ውስጥ ሽምብራ የምታክል ድንጋይ ለቀምኩ። ልጥላት ስል ፀሐይ ነካት። ውስጧ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። አልጣልኳትም። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። በሳምንቱ ሌላ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ እህሉ መች ይበቃኛል? ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ከወንዝ ዳር፣ መንገድ ሲቆፈር ከተቆለለው አፈር፣ ቤት የሚሠራ ሰው ካስጣለው ድንጋይ ሁሉ እለቅም ጀመር። የእኛ አገር ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ እንደ ጨው የሚያንጸባርቅ፣ እንደ ወተት የነጣ፣ እንደ መርፌ የሾለ ነገር ተቀምጦ ይገኛል። እነዚህን ሁሉ በባዶ የእንቁላል ካርቶን ደርድሬ ከሚዛኑ በስተኋላ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። በእያንዳንዱም ላይ ስም ጻፍኩ። ስሙን ከየት አመጣሁት? ከስልኬ። ፎቶ አያለሁ፣ የኔን ድንጋይ አያለሁ፣ ከተመሳሰሉ አበቃ።

በዚህ ዓይነት ነው ያንን ውድ አረንጓዴ ዕንቁ፣ መረግድ ያገኘሁት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ወንዝ፣ ከአሸዋው ውስጥ፣ አረንጓዴ፣ ልስልስ ያለ፣ ዓይን ላይ ሲደረግ ዓለሙን ሁሉ የለምለም መስክ ቀለም የሚያለብስ። ፎቶውን ድንጋይ የሚሰበስቡ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለቀቅኩት። አንዱ «መረግድ ነው፤ ለማንም አታሳዪ» ብሎ መለሰልኝ። እኔም ለማንም ላለማሳየት ለአባቴ ብቻ አሳየሁ። አባቴም ለማንም ላለመንገር ከመስጊድ ሲወጡ ለአንድ ወዳጃቸው ብቻ ነገሩ። በማግሥቱ ቡሬ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ድንጋዩን በእናቴ የሐር ሻርፕ ጠቅልለን በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄድን። እዚያ መምህር ጌታሁን የሚባሉ፣ ስለ ድንጋይ የተማሩና ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ሰው አሉ። በትንሽዬ ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሐጂ፣ ይቀመጡ» አሉ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ውስጡ ክብ ክብ አረፋ አለው። ድንጋይ አይደለም፤ ጠርሙስ ነው። ወንዙ አለስልሶት ነው።»

አባቴ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አሉ። ከዚያ «የምን ጠርሙስ?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩ አገላበጡት። «እዚህች ጥግ ላይ የፊደል ግማሽ ቀርቷል...»

«የምን ጠርሙስ ነው፣ መምህር?»

«...የቢራ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አባቴ። ስንመለስ እስከ ማንኩሳ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ማንኩሳ ስንደርስ መስኮት መስኮቱን እያዩ «በእናትሽ ሻርፕ» አሉ። ቡሬ እስክንገባ ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጠርሙስ» ሆነ። ሰው እህል ሊገዛ ሲመጣ «ጠርሙስ አለች?» ይላል።

ያም ሆኖ መምህር ጌታሁን ማጉያ መነጽራቸውን ሰጥተውኝ ነበር፤ ምክር ጨምረው። «ስም ለማውጣት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጥፍርሽ፣ ቢላ፣ ጠርሙስ ይቧጭሩት እንደሆነ እይ። ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ስታደርጊበት አረፋ ያወጣ እንደሆነ እይ። የምታውቂው ሲያልቅ ደውይልኝ» ነበር ያሉት። ቤት ስገባ የጻፍኳቸውን ስሞች ሁሉ ቀዳድጄ ጣልኩና እንደገና ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያልመጣልኝ፣ ትዳር ያልያዝኩ፣ ከጠጠር ጋር የምውል።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልውሰዳችሁ።

የግንቦት መጨረሻ፣ የገበያ ቀን ነው። አባቴ በራፉ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከውስጥ ስንዴ እለቅማለሁ። አምስት ሰዎች ተሰልፈው መጡ። ከፊት እትዬ ውዴ ናቸው። ከከተማው አጠገብ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ፣ የጥንት ደንበኛችን። ከሦስት ቀን በፊት ይዘውት በመጡት ጆንያ ነጭ በቆሎ ወስደው ነበር። ክረምት ሳይገባ ቤታቸውን ቆርቆሮ ሊያለብሱ ደቦ ጠርተው፣ ለደቦው ንፍሮ የሚሆን። ከኋላቸው ጎረቤታቸው አያ ተሰማ። ሰባ ያለፉ፣ በንግግራቸው አገር የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ሲናገሩ ሁለት ነገር ነው። ዛሬ ግን ጉንጫቸው አብጦ፣ በነጠላ ከአገጭ እስከ አናታቸው ታስሮ፣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ መስለዋል። ሁለት ሽማግሌዎችና ጆንያ የተሸከመ አንድ ጎልማሳ ተከትለዋቸዋል።

«እንደምን አደሩ፣ ሐጂ» አሉ አያ ተሰማ በአፋቸው ግማሽ።

«አልሐምዱሊላህ፤ ምነው አያ ተሰማ፣ አመምዎት እንዴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ከአንቱ ቤት የገዛነው በቆሎ ጥርስ አወጣ። ይህንኑ ልንነግርዎ ነው የመጣን።»

የአባቴ ጆሮ ትንሽ ከበድ ይላል፤ አያ ተሰማም የሚያወሩት በአንድ ጉንጭ ነው። አባቴ የሰሙት «ጥርስ አወጣ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

«ማሻአላህ!» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። «የልጅዎ የባየ ልጅ ነው? አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃው! ዘሃራ፣ ለሕፃኑ ብስኩት አምጪ!»

እኔም ብስኩት ይዤ ወጣሁ።

አያ ተሰማ ብስኩቱን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቀስ ብለው ፈቱና ከቋጠሮው ውስጥ አንድ ትልቅ መንጋጋ አውጥተው ሚዛናችን ላይ አኖሯት። ሁለት ሥር አላት።

«የቀሩኝ አምስት ነበሩ» አሉ። «የምትሠራው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ለወግ ነው ያሉት።»

ከጥርሷ ጎን እትዬ ውዴ አንዲት ጠጠር አስቀመጡ። ነጭ ናት። ልኳም፣ መልኳም ቁርጥ የበቆሎ ፍሬ።

«ንፍሮው መሀል ነበረች» አሉ እትዬ ውዴ። «ደቦው ሁሉ ሲበላ እኔ ምድጃው ዳር ነበርኩ፤ ቀጭ ሲል ከዚያ ድረስ ሰማሁት። ከጣራው ላይ የሚመቱ ሰዎች እንኳ መዶሻቸውን አቁመው ወደ ታች አዩ። ሐጂ፣ እኔ ተጣልቼ አላውቅም፤ ግን በእኔ ደጅ የሰው ጥርስ ወለቀ።»

የገበያ ቀን ነው ብያችኋለሁ። ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ሽንኩርት የያዘ ሽንኩርቱን፣ ዶሮ የያዘ ዶሮውን እንደያዘ ከበበን። አንዱ ገበያተኛ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ሲመለከት መደርደሪያዬን አየ።

«ጠርሙስ አይደለችም እንዴ? እዩት! ጠጠሩን በእንቁላል ካርቶን ደርድራ አስቀምጣዋለች!»

«ነጭም አለበት!» አለ ሌላው።

«ለዚህ ነው ለካ የምትሰበስበው! ሚዛን ለማክበድ!»

አባቴ አርባ ዓመት ሚዛን የያዙ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘሃራ። ከድንጋዮችሽ እህሉ ውስጥ የገባ አለ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «የለም!» ማለት ቀላል ነበር። ግን ከሳምንት በፊት ድመት አንዱን ካርቶን ከመደርደሪያው ላይ ጥላው፣ ነጮቹ ድንጋዮቼ በመደብሩ ወለል ላይ ተበትነው ነበር። ለቅሜአቸዋለሁ። ሁሉንም ለቅሜአለሁ? በቆሎው ያን ዕለት ክፍት ነበር?

«አይመስለኝም» አልኩ።

«አይመስለኝም!» ብሎ ሰዉ ሁሉ ተቀበለኝ፤ እንደ ዘፈን አዝማች።

አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እንደገና አጠለቁት። «አያ ተሰማ፣ ጥርስዎን አሳክማለሁ። እትዬ ውዴ፣ በቆሎዎን በሌላ በቆሎ እተካለሁ። እኔ ግን ጠጠር ሸጠ እየተባልኩ ሚዛን አልይዝም። መደብሩ ከዛሬ ጀምሮ ዝግ ነው።» ከዚያ እኔን ሳያዩ «ድንጋዮቹንም አውጪና ጣያቸው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ «ኧረ ሐጂ፣ እንዲህስ አይባልም» ሲሉ እኔ ሚዛኑ ላይ ያለችውን ጠጠር አነሣሁ። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም። ጣይ የተባልኳቸው ድንጋዮች ናቸው ያስደፈሩኝ መሰለኝ።

«አባ፣ መጀመሪያ ልጠይቃት» አልኩ።

«ማንን?»

«ድንጋይዋን።»

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ሰፌድ አምጥቼ ከጆንያው የቀረውን በቆሎ ገለበጥኩት። በማጉያ መነጽሩ እያየሁ ለቀምኩ፤ በዓይን ቢሆን ማንም አይለየውም። አሥራ አንድ ጠጠር ወጣ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ልክ። ከመደርደሪያዬ ደግሞ ነጮቹን አወረድኩና ጎን ለጎን አደረግኋቸው።

«የለስላሳ ጠርሙስ ስጡኝ» አልኩ።

«አሁንም ጠርሙስ!» አለ ያ ገበያተኛ። ሌላ ዙር ሳቅ።

የራሴን ነጭ ድንጋይ በጠርሙሱ ላይ ጎተትኩት። ጭረት አወጣ። ሁለተኛውንም፤ ጭረት። ከዚያ የአያ ተሰማን ጥርስ ያወለቀችውን ወስጄ ጎተትኳት። ምንም። ተጫንኳት። ምንም። እንዲያውም ጫፏ ተፈረፈረ። ቢላ አምጥቼ ብቧጭራት ተቧጨረች፤ የኔዎቹን ግን ቢላው አልነካቸውም።

ልቤ ዘለለ። «አባ፣ ከእኔዎቹ አይደለችም!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ረጋ ያሉ ሰው፣ «እሺ ልጄ፤ ሁለቱን ሞክረሻል። እንደዚህች ለስለስ ያለ ሌላ ድንጋይ ከካርቶንሽ ውስጥ የለም?» አሉ።

አለ። በጥቁሩ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የሚገኙ ለስለስ ያሉ ነጮችም ነበሩኝ። እውነታቸውን ነው።

ሎሚ ቆረጥኩና በጠጠሯ ላይ ጠብ አደረግኩ። አረፋ ጠበቅኩ። ሰዉም ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ አብሮኝ ጠበቀ። ዶሮ የያዘው ሰውዬ ዶሮውን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። ምንም የለም።

«ሎሚው ለሰላጣ ይሻል ነበር» አሉ እትዬ ውዴ በሐዘኔታ።

ለመምህር ጌታሁን ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሡ፤ ሹክ እያሉ ነው የሚያወሩት። «ክፍል ውስጥ ነኝ። ምንድን ነው?»

«መምህር፣ ነጭ ድንጋይ፣ ቢላ ይቧጭረዋል፣ ጠርሙስ አይቧጭርም፣ ሎሚ ግን ምንም አላደረገውም!»

«በመነጽሩ ስታዪው እንደ ስኳር የተጣበቀ ፍሬ ፍሬ ይመስላል?»

አየሁ። ቁርጥ ስኳር። «አዎ!»

«ሎሚ ደካማ ነው። ፈጭተሽ ሞክሪው። ዱቄቱ ላይ። ከፈላ ደግሞ ወዲያው ስም አትስጪው፤ ምክንያቱም እዚያ አካባቢም...» ኔትወርኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል የለም።

«ፍጪው አሉሽ» አሉ አባቴ። ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቤ መምጣታቸውን አላየሁም ነበር። «ፍጪው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ራሳቸው ገብተው የበርበሬ ዘነዘናውንና ሙቀጫውን ይዘው ወጡ።

ወቀጥኩት። ነጭ ዱቄት ሆነ። ዱቄቱን በብርጭቆ ሰሐን ላይ አድርጌ ሎሚውን ጨመቅኩበት።

ጽሽሽሽ አለ።

ትንንሽ አረፋ፣ ልክ እንደ ለስላሳ መጠጥ፣ ከዱቄቱ መሀል ተነሥቶ እየፈላ ወጣ። ከፊት የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከኋላ የነበሩት ወደ ፊት መጡ። ዶሮው አመለጠ።

«ድንጋይ ፈላ!» አለ አንዱ።

«በስመ አብ!» ሲል ሌላው፣ «ቢስሚላህ!» አሉ አባቴ፤ እኩል ነው የወጣው።

ከካርቶኔ ለስላሳዎቹን ነጮች እያወጣሁ አንድ በአንድ ወቀጥኩ። ሁለቱ ዝም አሉ። ሦስተኛው ግን ፈላ። መምህሩ ሊሉኝ የነበረው ይህንኑ ይሆናል፤ በእኛም አገር ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የሚፈላ አለ። እንደገና ተጠራጠርኩ። መነጽሩን አነሣሁና ሁለቱን አስተያየሁ። የኔው እንደ መስታወት ጠፍጣፋ ገጽ አለው፤ ጠርዙ ወንዝ የበላው ክብ ነው። አሥራ አንዱ ግን ስኳር ይመስላሉ፤ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ነው፤ ሁሉም እኩል።

«አያ ተሰማ» አልኩ፣ «እኔ ጀማሪ ነኝ። ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ከተማውም ያውቃል። ይህ ግን ወንዝ ያመጣው ድንጋይ አይመስለኝም። አንድ ልክ ተደርጎ በማሽን የተፈጨ ነው። እብነ በረድ መሰለኝ። እብነ በረድ ደግሞ በእኛ አካባቢ ለቅሜ አላውቅም፤ መኪና ካላመጣው በቀር።»

«እብነ በረድ ተፈጭቶ ለምን ይሆናል?» አሉ ረጋ ያሉት ሽማግሌ።

ጆንያውን የተሸከመው ጎልማሳ ሳያስበው መለሰ። «ለቴራዞ ነዋ። ለወለል። ከሲሚንቶ ጋር አቡክተው የሚያነጥፉት። ባየ የሚሠራው...»

ቃሉን ሳይጨርስ አፉን በእጁ ያዘ። ባየ የአያ ተሰማ ልጅ ነው። ቡሬ ውስጥ የወለል ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

እትዬ ውዴ ቀስ ብለው ጆንያውን ከመሬት አነሡና «አያ ተሰማ» አሉ፣ «ይህ ጆንያ... የኔዎቹ ተቀደውብኝ ከእርስዎ ቤት የተዋስኩት እኮ ነው።»

አባቴ ጆንያውን ተቀብለው ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጡት። በስፌቱ ላይ ነጭ ብናኝ ተጋግሯል፤ በታችኛው እጥፋት ውስጥ አራት ጠጠር ተሰንቅሯል። ሎሚውን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ብናኙ ላይ ጨመቁት። ፈላ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሐጂ፣ «ፈላ! ፈላ!» እያሉ ጆንያውን ለሕዝቡ ሲያዞሩ ማየት ነበረባችሁ።

ሁሉም ወደ አያ ተሰማ ዞረ። እሳቸው ግን ወደ ሚዛኑ ሄደው ጥርሳቸውን አነሡና ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«የሰው ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «የራሱን ጥርስ ያወጣል። የኔው ልጅ የአባቱን አወጣ።»

እንዲያ ብለው ሲስቁ ነጠላው ተፈትቶ ወደቀ። ሰዉም ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ያ ገበያተኛ «ጎበዝ ጠርሙስ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ግን አልሳቁም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። እንዲያ ዓይተውኝ አያውቁም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጀግና ሆኜ። ግን ሳቁ መሀል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ጆንያ ከእትዬ ውዴ እጅ የተቀበልኩት፣ አፉን ከፍቼ በቆሎውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰው የራሱን ጆንያ ሲያመጣ መጀመሪያ ገልብጦ ማራገፍ አባቴ ገና በስድስት ዓመቴ ያስተማሩኝ ነገር ነው። ያን ዕለት አላራገፍኩትም። ለምን? ወረፋ ስለነበረ አይደለም። ስልኬ ላይ የድንጋይ ፎቶ እያየሁ ነበር።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ወደ ባየ ሄዷል፤ እሱም እዚያ የለም።

«አባ» አልኩ። «ጆንያውን አላራገፍኩትም።»

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። አባቴ «ምን አልሽ?» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰምተውኛል።

«ሳላራግፍ ነው የሞላሁት። ድንጋዩ የባየ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

አያ ተሰማ ወደ እኔ መጡ። ያበጠው ጉንጫቸው በቅርብ ሲታይ ያስፈራል። «ልጄ» አሉ፣ «አንቺ ዛሬ ሁለት ነገር ወቀጥሽ» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ አንዱ ድንጋዩ፣ ሌላው እኔው ራሴ። አዛን ተሰማ። አባቴ ወደ ሶላት ከመሄዳቸው በፊት ዘወር ብለው «መደብሩን አትዝጊው፤ ገበያ ነው» አሉኝ። ስለ ድንጋዮቹ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ወደ መደርደሪያቸው መለስኳቸው።

በሳምንቱ አባቴ አያ ተሰማን ፍኖተ ሰላም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ባየም አብሮን ነበር፤ መንገዱን ሁሉ አቀርቅሮ። አያ ተሰማ አዲስ ጥርስ ሊያስተክሉ ነው። ሐኪሙ የሚተከለውን ጥርስ በትንሽ ሣህን ላይ አድርጎ ሲያሳያቸው እጁን ያዙት።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ እሷ ትየው። የምን ድንጋይ እንደሆነ ሳላውቅ አፌ አላስገባም።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔም መነጽሬን አውጥቼ አየሁ፤ ከልቤ አየሁ። «ሎሚ ቢነካው የሚፈላ አይመስለኝም» አልኩ። «ይህን ያህል ነው የማውቀው።» አያ ተሰማ ተኝተው አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሰው ከመራዊም ከአዴትም እየመጣ ድንጋይ ያሳየኛል። ብዙዎቹ ወርቅ ነው እንድላቸው ነው የሚመጡት። እኔ ግን የምላቸውን ልንገራችሁ፤ እናንተም የሆነ ቀን የሚያንጸባርቅ ነገር አግኝታችሁ ልባችሁ ቢዘል ይጠቅማችሁ ይሆናል። «አላውቅም፤ ተቀመጡና አብረን እንየው» ነው የምላቸው። ሰዉ ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ሳላውቅ መረግድ ነው ስል ግን ማንም ቅር አላለውም ነበር። በዚያች ጠዋት «የለም» ለማለት ምላሴ ጫፍ ደርሶ «አይመስለኝም» ያልኩባት ቅጽበት እስካሁን ታስፈራኛለች፤ ከሕይወቴ ሁሉ ግን የማልለውጣት እሷን ነው። ጆንያ ግን አሁን ሁለት ጊዜ አራግፋለሁ።

ስለ አባቴ ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው ጥቅምት በቆሎ ሊገዙ ሽንዲ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ሹፌሩ ነገረኝ፤ መንገድ ላይ የጭነት መኪናውን አስቁመው ወርደው፣ ሽንታቸው መጥቶ ነው ብሎ ሲጠብቅ ለመንገድ ከተቆረጠው ገደል ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሲፈልጉ ቆዩ። እሳቸው ለእኔ ምንም አላሉኝም። እኔም አላነሣሁባቸውም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ እህል ልወስድ ወደ ጓዳ ስገባ አባቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ የኔ መነጽር ዓይናቸው ላይ ነው፤ አንድ ቀይ ቡናማ ድንጋይ ይዘው ጠርሙስ ላይ ይፈትጋሉ። እኔን ሲያዩ ደነገጡ።

«ደንበኛ አለ?» አሉ።

«የለም፣ አባ።»

ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው በሩን ገርበብ አድርጊና ነይ።»